ስለ ድምፅ ማጉያ አምፑል ልክና ስለ ጠጋኙ ጥበብ

ትራንዚስተር የሚባለው ብልሓት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. ከመገኘቱ አስቀድሞ፥ ራዲዮም ኾነ ድምፅ ማጉያ ይሠራ የነበረው በመስተዋት አምፑል ነበር። ይህ አምፑል ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም፤ ይልቁንም ጊታር የሚመቱ ሰዎች ድምፁን ስለሚወዱት እስካሁን ይሠሩበታል። የኤሌክትሪክን ጠባይ ለተማሪ ለማስረዳት የሚመች ምሳሌ ስለ ኾነ፥ ለመምህራንና ለሽማግሎች ጥቂት ቃል እንጽፋለን።

አምፑሉ ውስጡ አየር የሌለበት ነው። በመካከሉ ያለው ካቶድ ሲግል ኤሌክትሮን የሚባለውን እጅግ ረቂቅ ቅንጣት ያፈልቃል፤ በዙሪያው ያለው አኖድ የሚባል ብረት ይስበዋል። በሁለቱም መካከል እንደ ወንፊት ያለ ሽቦ ቆሟል፤ ይህን የጨመረው ሊ ደ ፎረስት የሚባል አሜሪካዊ በ1906 ዓ.ም. ገደማ ነው። ወንፊቱ ነጋቲቭ በኾነ ቍጥር የሚያልፈው ኤሌክትሮን ያንሳል፤ የቦይ በር ዝቅ ሲል ውሃው እንደሚያንስ ማለት ነው። ደካማው ድምፅ በሩን ሲያወዛውዘው ብርቱው ፈሳሽ አብሮ ይወዛወዛል።

እንግዲህ ድምፅ ሳይመጣ በሩ ምን ያህል ተከፍቶ ይጠብቅ? ይህ ልክ ባያስ ይባላል። እጅግ ከተዘጋ ድምፁ ይሻክራል፤ እጅግ ከተከፈተ አኖዱ እንደ ፍም ይቀላል፥ አምፑሉም ቶሎ ይሞታል። ልኩ በሒሳብ ይገኛል። ኢ ኤል 34 የሚባለው አምፑል አኖዱ 25 ዋት ይችላል፤ ጠጋኞች ብዙ ጊዜ ከመቶ 70 እጁን፥ ይኸውም 17.5 ዋትን ይወስናሉ። በአኖዱ ላይ 450 ቮልት ቢገኝ፥ 17.5 ለ450 ሲካፈል 39 ሚሊ አምፔር ያህል ይኾናል። ይህን ለማወቅ ከካቶዱ ሥር የ1 ኦም ሬዚስታንስ ይደረጋል፤ በመለኪያው ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ሚሊ ቮልት አንድ ሚሊ አምፔር ነው። ከዚያ በኋላ ማስተካከያውን በካቻቢቴ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው፤ አዲስ አምፑል ሲገባ ግን ኹልጊዜ ከተዘጋው ወገን ይዠመራል።

ብዙ ሰው ሥራው እዚህ ላይ ያበቃ ይመስለዋል። አምፑል በቀላበት ጊዜ ሌላ ገዝቶ ያገባል፤ ያም ይቀላል፥ ገንዘቡም ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከአምፑሉ በፊት ባለው ኮንደንሳተር ነው። ሥራው ድምፁን አሳልፎ ከወዲያ ያለውን ከፍተኛ ፖዚቲቭ ቮልት ማገድ ነበር፤ ሲያረጅ ግን ቮልቱ ወደ ወንፊቱ ይሾልካል፥ በሩንም ይከፍተዋል። ብልኅ ጠጋኝ አምፑሉን አውጥቶ በባዶው መሰኪያ ላይ የወንፊቱን ቮልት ይለካል። ነጋቲቩ ካነሰ፥ መሣሪያውን አጥፍቶ የኮንደንሳተሩን አንድ እግር ይፈታና እንደ ገና ይለካል። ነጋቲቩ ከተመለሰ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ካልተመለሰ ነጋቲቩን የሚሰጠውን ክፍል ይመረምራል። ሽማግሎች ጠበኞችን ለየብቻ እያነጋገሩ እውነቱን እንደሚያወጡ ያለ ነው።

450 ቮልት ሰው ይገድላል። መሣሪያው ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ ኮንደንሳተሮች ኀይሉን ይዘው ይቈያሉ፤ ስለዚህ በሬዚስታንስ ሳያፈስሱና ባዶ መኾናቸውን ሳይለኩ እጅ ማግባት አይገባም። ያለ ድምፅ ማውጫውም መሣሪያውን ማሠራት ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል። ለተማሪ የሞተ አምፑል በመስተዋቱ ውስጥ ማሳየት ይበቃል። በውስጡ እንደ ብር የሚያብረቀርቀው ቅብ ነጭ ኾኖ ቢገኝ፥ አየር እንደ ገባበት ያመለክታል።