ዘር ከልጓም ይስባል፤ ግን ምን ያህል?

“ዘር ከልጓም ይስባል” ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ተረቱ ስለ ዘመድ ነው፤ ፈረሱ ምሳሌ ብቻ ነው። የእሽቅድምድም ፈረስ አርቢዎች ግን ነገሩን ቃል በቃል ወስደው በአንድ ፈረስ የዘር ሐረግ ላይ ሚሊዮን ዶላሮችን ያወጣሉ። እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ የታካሚን የቤተሰብ ሐረግ እንዴት እንደምንሥል ስንማር፣ ይህን ሥራ ለረጅም ዘመን በጥንቃቄ የያዙት እነማን ናቸው ብዬ ሳነብ እነዚህን አርቢዎች አገኘሁ። ያነበብኩትን ላካፍላችሁ።

እንደ ኬንታኪ ደርቢ ባሉ ትልልቅ ውድድሮች የሚሮጡት ፈረሶች ቶሮብሬድ ይባላሉ። የዘር መዝገባቸው እ.ኤ.አ. በ1791 እንግሊዝ አገር መታተም ጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መዝገቡ በመርህ ደረጃ ዝግ ነው፤ እናትና አባቱ ያልተመዘገቡ ውርንጭላ አይገባበትም። የሁሉም የአባት መስመር ከምሥራቅ ወደ እንግሊዝ በመጡ ሦስት ድንጉላዎች ላይ ያርፋል፦ ባየርሊ ተርክ፣ ጎዶልፊን አረቢያን እና በ1704 ከሶርያዋ አሌፖ የመጣው ዳርሊ አረቢያን። ዛሬ ካሉት ወንዶች 95 በመቶ ያህሉ የአባት መስመራቸው ወደ ዳርሊ ይደርሳል።

ይህን እንደ እኛ ስም አስቡት። የእኛ ስም ከራሳችን ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት በወንድ ብቻ ይሄዳል። ዋይ ክሮሞዞምም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ ያልፋል። ነገር ግን አያቶቻችን አራት ናቸው፤ ስማችን የሚጠራው አንዱን ብቻ ነው። የአባትን መስመር ብቻ የሚያነብ አርቢም ሦስቱን አያቶች ትቷቸዋል ማለት ነው።

በአገራችን በብዙ ቦታ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ፈረስ አርቢዎችም ይቆጥራሉ፤ እነሱ ግን አንዳንዴ ሆን ብለው ያቀራርባሉ። ፍራንከልን ውሰዱ፤ ከ2010 እስከ 2012 እንግሊዝ ውስጥ 14 ጊዜ ሮጦ 14ቱንም ያሸነፈ ፈረስ ነው። ኖርዘርን ዳንሰር የሚባለው ዝነኛ የካናዳ ፈረስ የአባቱ አያት ነው፤ የእናቱም ቅድመ አያት ነው። በአባት በኩል ሦስተኛ፣ በእናት በኩል አራተኛ ትውልድ ላይ ስለሚገኝ አርቢዎች 3×4 ብለው ይጽፉታል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ወላጅ ከጂኖቹ ግማሹን ብቻ ስለሚያስተላልፍ የአንድ አያት ድርሻ በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል። ሁለቱን ቁጥሮች ደምሩና አንድ ቀንሱ፦ 3+4−1=6። ግማሽን ስድስት ጊዜ ስታባዙ 1/64፣ ማለትም 1.6 በመቶ ገደማ ታገኛላችሁ። ይህ ፍራንከል በአንድ የጂን ቦታ ላይ ያንኑ የኖርዘርን ዳንሰር ቅጂ ከእናቱም ከአባቱም የመውረስ ዕድሉ ነው። በ7×7 ብናሰላው 1/8192 ብቻ ይሆናል። አያቶቻችን ቀመሩን ሳያውቁ አጥሩን የት እንደተከሉት አስተውሉ።

ቁጥሩ ለምን ያስጨንቃል? አንድ የተበላሸ ቅጂ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ ሁለት ሲገናኙ ግን በሽታው ይወጣል። በአረብ ፈረሶች ውርንጭላን ያለ በሽታ መከላከያ የሚያስቀረው ኤስሲአይዲ የሚባል ሕመም እንዲህ ይወረሳል፤ በሰው ልጅም ተመሳሳይ ሕመም አለ።

በ2010 ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን በኤሜሊን ሂል የሚመራ ቡድን፣ የጡንቻን እድገት የሚገታው የማዮስታቲን ጂን ፈረሱ ከሚመቸው ርቀት ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። ሲ/ሲ የሆኑት ለአጭር፣ ሲ/ቲ ለመካከለኛ፣ ቲ/ቲ ለረጅም ርቀት ያደላሉ። የሲ/ሲ ድንጉላና የቲ/ቲ ባዝራ ልጆች ሁሉም ሲ/ቲ ናቸው። ሁለቱም ወላጆች ሲ/ቲ ከሆኑ ግን ከአራት ልጆች በአማካይ አንዱ ሲ/ሲ፣ ሁለቱ ሲ/ቲ፣ አንዱ ቲ/ቲ ይሆናል። ምርመራው የሚመቸውን ርቀት ይጠቁማል እንጂ ማን እንደሚያሸንፍ አይናገርም።

ሐረጉም አይናገርም። ግሪን መንኪ የኖርዘርን ዳንሰርም የሌላው ዝነኛ ፈረስ የሴክሬተሪያትም ዘር ነበር። በ2006 አሜሪካ ውስጥ በ16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ሦስት ጊዜ ሮጦ አንዴም አላሸነፈም። ሲያትል ስሉ ደግሞ በ17,500 ዶላር ተገዝቶ በ1977 የአሜሪካን ሦስቱን ታላላቅ ውድድሮች ጠቅልሎ ወሰደ። ሆስፒታል ውስጥ “በቤተሰብ ስኳር ወይም ደም ግፊት አለ?” ብለን ስንጠይቅም የምናገኘው ዕድልን ነው፤ ፍርድን አይደለም።

ሁሉም የአሸናፊውን ዘር ሲፈልግ ግን መንጋው ራሱ ይጎዳል። በ2022 የታተመ የዚሁ የደብሊን ቡድን ጥናት፣ የዘር መቀራረቡ በ10 በመቶ ሲጨምር ፈረሱ ጨርሶ ለውድድር የመብቃት ዕድሉ በ7 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በ2020 የአሜሪካን መዝገብ የሚይዘው ጆኪ ክለብ፣ ከ2020 ጀምሮ የሚወለድ ድንጉላ በዓመት ከ140 በላይ ባዝራዎች ጋር እንዳይገናኝ ደንብ አወጣ። ትልልቅ እርባታዎች ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ድርጅቱም ደንቡን በ2022 ሻረው። ታዋቂ ድንጉላ ለባለቤቱ በእያንዳንዱ ባዝራ ገንዘብ ያስገባል፤ የመንጋው ጤና ግን የማንም የግል ሂሳብ አይደለም።

ኬንታኪ ደርቢ የሚሮጠው በየዓመቱ በአውሮፓውያኑ ሜይ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። በሚቀጥለው ስታዩት የአንዱን ፈረስ ሐረግ አውጡና ከእናትም ከአባትም በኩል የሚደጋገመውን ስም ፈልጉ፤ ከዚያ ቤቱን ቁጠሩ። ሰባት ሳትደርሱ የምታገኙት ይመስለኛል።