የተቆለፈችው ክፍል፦ የጎቲክ ልብ ወለዶችን እንደገና የመተረክ ክርክር

ጎቲክ የሚባለው የልብ ወለድ ዘውግ፣ ማለትም አሮጌ ግንብን፣ የተቆለፈ ክፍልንና የተሸሸገ የቤተሰብ ምስጢርን መነሻ አድርጎ በአንባቢው ልብ ፍርሃት የሚያሳድር ትረካ፣ እ.ኤ.አ. በ1764 ከወጣው ከሆራስ ዋልፖል «የኦትራንቶ ግንብ» ጀምሮ ይቆጠራል። የዘውጉን ዝነኛ ሥራዎች በጥቁሮች፣ በቅኝ ግዛት ተወላጆችና በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ዓይን እንደገና የሚተርኩ መጻሕፍት በወጡ ቁጥር፣ ዳግም ትረካው የቀደመውን ደራሲ ሐሳብ ያዛባል ወይስ ሳይነገር የቀረውን ያወጣል የሚለው ክርክር ይነሣል። የዛሬው ዘመን የራሱን ጉዳይ በአሮጌ መጽሐፍ ላይ ጫነ የሚለውን ክስ ግን የመጻሕፍቱ የኅትመት ታሪክ ራሱ አይደግፈውም።

የኦስካር ዋይልድ «የዶሪያን ግሬይ ምስል» በ1890 በሊፒንኮትስ መጽሔት ሲወጣ፣ የመጽሔቱ አዘጋጅ በልብ ወለዱ ውስጥ ሠዓሊው ባሲል ለዶሪያን ያለውን ስሜት የሚገልጡ አንቀጾችን ጨምሮ 500 ያህል ቃላት ከረቂቁ አውጥቶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በመጽሐፍ መልክ ሲታተም ደግሞ ዋይልድ ራሱ ይበልጥ አለዘበው። ይህም ሆኖ ልብ ወለዱ በ1895 ፍርድ ቤት ውስጥ በደራሲው ላይ ተጠቀሰበት። ሳይቆረጥ የቀረው ረቂቅ ለንባብ የበቃው በ2011 ነው፤ ስለዚህ ያን ፍቅር በግልጽ የሚጽፍ የዛሬ ደራሲ ከውጭ ያመጣው ነገር የለም። አየርላንዳዊው ሸሪዳን ለ ፋኑ በ1872 ባሳተመው «ካርሚላ» ውስጥም፣ ከመቃብር እየወጣች ደም የምትመጠው ሴት ለወጣቷ ሎራ ያላት ምኞት ከ«ድራኩላ» 25 ዓመት ቀድሞ በጉልህ ተጽፏል።

ክርክሩ እጅግ የሚጠልቀው በሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» (1847) ላይ ነው። የሮቼስተር የመጀመሪያ ሚስት በርታ ሜሰን፣ በጃማይካ ተወልዳ ያደገች ክሪዮል፣ ማለትም የካሪቢያን ቅኝ ግዛት ተወላጅ፣ በእንግሊዝ ከአንድ ቤት የላይኛው ፎቅ ተቆልፎባት ትኖራለች፤ ከእርሷ የሚሰማው ሳቅና ጩኸት ብቻ ሲሆን ታሪኳን የሚናገርላት የቆለፈባት ባሏ ነው። በዶሚኒካ ደሴት የተወለደችው ጂን ሪስ ይህን የአንድ ወገን ምስክርነት አልተቀበለችም፤ በ1966 ባሳተመችው «ሰፊው የሳርጋሶ ባሕር» የሴትዮዋን ልጅነት የባርነት ሥርዓት በፈረሰበት ማግስት ላይ አኑራ፣ እውነተኛ ስሟን አንትዋኔት አለችው፣ በርታ የሚለውንም ባሏ የለጠፈባት አድርጋ ጻፈች። የማሪዝ ኮንዴ የ1995 ሥራም እንዲሁ ከኤሚሊ ብሮንቴ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» ይነሣል፤ በባሪያ ንግድ በከበረችው ሊቨርፑል ጎዳና ተጥሎ የተገኘውን ጠይም ልጅ ሂትክሊፍን ወደ ጓዳሉፕ ወስዶ የጥቁር ሰው ታሪክ ያደርገዋል።

ዳግም ትረካም ቢሆን ከተመሳሳይ ጥያቄ አያመልጥም። ሕንዳዊቷ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ጋያትሪ ስፒቫክ በ1985 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ሪስ የክሪዮሏን ሴት ድምፅ ስትመልስ ክሪስቶፊን የተባለችውን የማርቲኒክ ተወላጅ ጥቁር አገልጋይ ከዳር እንደተወቻት አመለከተች፤ ክሪስቶፊን ባልየውን ፊት ለፊት ተሟግታ፣ ዞር ብላ ሳታይ ከልብ ወለዱ ትወጣለች፣ ከዚያም በኋላ አትመለስም።