ስኪፕ፦ ደጃፍ ላይ የሚያድረው የብረት ገንዳ

ለንደን ውስጥ አንድ ቤት ሊታደስ መሆኑን ጎረቤት የሚያውቀው ከመዶሻው ድምፅ በፊት በገንዳው ነው። ጠዋት ሁለት የብረት ክንዶች ያሉት መኪና እየጮኸ ወደ ኋላ ይመጣል፤ በሰንሰለት ያንጠለጠለውን የብረት ሣጥን ከበሩ ፊት ቀስ አድርጎ ያሳርፋል፤ ሾፌሩ ሰንሰለቱን ፈትቶ ይሄዳል። እንግሊዞች ሣጥኑን «ስኪፕ» ይሉታል። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ግን ሲያየው እንግዳ አይሆንበትም። በየሰፈሩ የምናውቀው የቆሻሻ ገንዳ የሥጋ ዘመዱ ነው፤ ክንዳሙ መኪናም እንደዚያው። የእኛ ገንዳ የሰፈር ነው፤ በማኅበር የተደራጁ ሠራተኞች ከየቤቱ የሰበሰቡትን በጋሪ እያመጡ ያራግፉበታል። ስኪፕ ደግሞ ለአንድ ቤት፣ ለአንድ ሥራ፣ ለተወሰኑ ቀናት ይከራያል።

ቅርጹ በምክንያት የተሠራ ነው። ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ በመሆኑ ባዶዎቹ እንደ ሲኒ አንዱ በሌላው ውስጥ ይቀመጣሉ፤ መኪናውም በአንድ ጉዞ ብዙ ይዞ ይወጣል። በጎኑ ያሉት ጉጦች ሰንሰለቱ የሚያዝባቸው ናቸው። አንዳንዱ በአንድ ወገን ወደ ታች የሚከፈት በር ስላለው የእጅ ጋሪ እየገፉ እስከ ውስጥ መግባት ይቻላል። ድንጋይ ከፍ አድርጎ መወርወር ለሰለቸው ወገብ ይህ ትልቅ እረፍት ነው።

መጠኑ እስካሁን በያርድ ኩብ ይጠራል። ባለ 2 ያርዱ 1.5 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ ለአንዲት መታጠቢያ ክፍል ፍርስራሽ ይበቃል። ግንበኞች የሚወዱት ባለ 8 ያርዱ ወደ 6 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ከዚህ የሚበልጥም አለ፤ ግን አፈርና ኮንክሪት ለሚጭን ሰው አይሰጡትም። 6 ሜትር ኩብ አፈር ወደ 9 ቶን ሊጠጋ ይችላልና ከዚያ በላይ የሆነውን ክንዱ አያነሳውም። ትላልቆቹ ለእንጨት፣ ለካርቶን፣ ለአሮጌ የቤት ዕቃ ናቸው። ጭነቱ ከአፉ እኩል መሆን አለበት። ተቆልሎ ካገኘው ሾፌሩ «ቀንሱ» ብሎ ትቶት የመሄድ መብት አለው፤ ከቁልሉ ላይ አንዲት ጡብ መንገድ ላይ ብትወድቅ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ልትገድል ትችላለችና።

በግል ግቢ ውስጥ ለሚቀመጥ ስኪፕ የመንገድ ፈቃድ አያስፈልግም። መንገድ ላይ ከሆነ ግን በ1980 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአውራ ጎዳና ሕግ ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ እንዲወጣ ያዛል፤ ማታ መብራት እንዲኖረው፣ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ወይም ስልክ እንዲጻፍበትም እንዲሁ።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የማይገባበት ነገር ብዛት ነው። ማቀዝቀዣ በጋዙ፣ ባትሪ በእሳቱ፣ ቀለም በመርዙ፣ ጎማ፣ ቴሌቪዥን፣ አስቤስቶስ፦ ሁሉም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ጂፕሰም ቦርድ እንኳ ለብቻው ይለያል። ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ከሚበሰብስ ቆሻሻ ጋር ሲቀበር የተበላሸ እንቁላል የሚሸት መርዛማ ጋዝ ያመነጫል።

ታዲያ ሞልቶ ሲነሳ ወዴት ይሄዳል? አብዛኛውን ጊዜ ወደ መለያ ጣቢያ ነው። እዚያ ብረቱ ይወጣል፣ እንጨቱ ይለያል፣ ኮንክሪቱና ጡቡ ይፈጭና ለመንገድና ለመሠረት መሙያ ተመልሶ ይሸጣል። ይህን ትጋት ያመጣው ደግነት ብቻ አይደለም፤ ግብር ነው። ብሪታንያ በ1996 (እ.ኤ.አ.) የሚቀበር ቆሻሻ ላይ ግብር ስትጥል በቶን 7 ፓውንድ ነበር። በእንግሊዝ በ2025 ሚያዝያ (እ.ኤ.አ.) 126.15 ፓውንድ ደረሰ። እንደ ድንጋይና አፈር ላለው ጉዳት የለሽ ጭነት ያኔ 4.05 ፓውንድ ብቻ ይከፈል ነበር። የለየ ሰው ያተርፋል፤ የቀላቀለ ይከፍላል። የኪራዩ ዋጋ ለምን እንደሚወደድም የሚገባን ከዚህ ነው።

ውድነቱ መጥፎ መዘዝም አለው። በርካሽ «እኛ እንውሰድልህ» የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ፤ ጭነቱ በማግስቱ ጫካ ዳር ተደፍቶ ይገኛል። በእንግሊዝ በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያለ ሕገ ወጥ ድፊያ ይመዘገባል። ስለዚህ ሕጉ ወደ ቤቱ ባለቤት ይመለሳል፦ ቆሻሻህን የሰጠኸው ሰው የተመዘገበ አጓጓዥ መሆኑን የማረጋገጥ ግዴታ አለብህ። ካላረጋገጥህ እስከ 600 ፓውንድ ልትቀጣ ትችላለህ። ቆሻሻው ከደጅህ ስለወጣ ብቻ ካንተ አልተላቀቀም። እኔ በዚህ ሕግ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

የምስማማው አገሬን እያሰብሁ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚያፈርስ ሰው ሲኖ ወይም አይሱዙ ይጠራል፤ በቢያጆ ይዋዋላል፤ ፍርስራሹ ተጭኖ ይወጣል። ክርክሩ ሁሉ ስለ ዋጋ ነው። የት እንደሚደፋ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ የብዙው ፍርስራሽ መጨረሻ ግን ወንዝ ዳር ወይም ክፍት ቦታ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃው መሄጃ ያጣል፤ የሚጎዳውም ከታች ያለው ቤት ነው። ቆሻሻ ያለ ሥርዓት ሲከመር ምን እንደሚያስከትል የአዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ ቆሼ አሳይቶናል፦ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ለእያንዳንዱ ቤት ስኪፕ ይከራይ አልልም፤ አቅማችንም ጠባብ መንገዶቻችንም አይፈቅዱም። መጠየቅ ግን ምንም አያስከፍልም። በሚቀጥለው ጊዜ ቢያጆ ስትዋዋሉ፣ ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ሾፌሩን «የት ነው የምትደፋው?» በሉት፤ መልሱ ካላረካችሁም አታስጭኑት።