እርጥብ ግድግዳ፣ የማይለቅ ሳል

በ1993 እና በ1994 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ከተማ 10 ጨቅላ ሕፃናት ሳንባቸው እየደማ ሆስፒታል ገቡ። እንዲህ ያለው ሕመም በሕፃናት ላይ የሚታየው ከስንት አንዴ ነውና ሐኪሞቹ ግራ ተጋቡ። መንስኤውን ፍለጋ የታማሚዎቹ ቤት ሲፈተሽ ብዙዎቹ ጣሪያቸው ወይም ቧንቧቸው ያፈሰሰ፣ አለዚያም ጎርፍ የገባባቸው ሆነው ተገኙ። በረጠቡት ግድግዳዎች ላይ «ስታኪቦትሪስ» የተባለ ጥቁር ሻጋታ በቅሏል። ወሬው ከክሊቭላንድ ወጥቶ አገር አዳረሰ፤ «መርዛማው ጥቁር ሻጋታ» የብዙ ቤተሰብ ስጋት፣ የብዙ ክስም መነሻ ሆነ።

በ2000 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በክሊቭላንዱ ሕመም ላይ ያካሄደውን የራሱን ጥናት መልሶ ገመገመ። ቆጠራውና ትንታኔው ጉድለት እንደነበረበት ገልጾ፣ በሻጋታውና በሳንባ መድማቱ መካከል አለ የተባለው ግንኙነት አልተረጋገጠም አለ። ያኔ ደግሞ ሰዉ ወደ ሌላው ጠርዝ ሄደ፤ «ሻጋታ ምንም አያደርግም፤ ሁሉም ወሬ ነው» የሚለው ሐሳብ ተሰማ።

ሁለቱም ፍርድ ችኩል ነበር። ይህን ያሳየው እዚያው ክሊቭላንድ አካባቢ ተካሂዶ በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ነው። ተመራማሪዎች አስም ያለባቸውና ሻጋታ በሚታይበት ቤት የሚኖሩ 62 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ሁሉም የአስም ሕክምናና ምክር አገኙ። የአንዱ ቡድን ቤቶች ግን በተጨማሪ ተጠገኑ፤ የሚያፈሰው ተደፈነ፣ የበሰበሰው ተነቅሎ ተጣለ፣ አየር መውጫ ተበጀ። ከጥገናው በኋላ ቤታቸው ካልተጠገነላቸው 33 ልጆች 11ዱ አስሙ ተነስቶባቸው አስቸኳይ ሕክምና ፈለጉ። ከተጠገነላቸው 29 ልጆች ግን 1 ብቻ።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሙከራ ሻጋታው መርዛማ ይሁን አይሁን ማንም አልተጨነቀበትም። የተጠየቀው ውኃው ከየት እንደሚመጣ ነው። በእርጥብ ቤት ሳቢያ ለዓመታት ለሚያስል፣ ለሚያነጥስ፣ ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ጥያቄም ይኸው ነው።

ውኃው ከየት ይመጣል?

የሻጋታ ዘር፣ በሳይንሱ አጠራር ስፖር፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው። አብዛኛው የሚሊሜትር ሺኛ በሆኑ ጥቂት ማይክሮሜትሮች የሚለካ ስለሆነ በአየር ተንሳፎ በመስኮት፣ በጫማ፣ በልብስ ይገባል። በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን እንዲያገኝ ያበቃው ከአየር ላይ ወደ ሳህኑ የገባ እንዲህ ያለ ዘር ነው። ከስፖር ነጻ የሆነ ቤት የለም። ዘሩ የሚበቅለው ግን ውኃ ሲያገኝ ነው። እርጥብ ካርቶን፣ ኮምፖርሳቶ ወይም ፍራሽ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል።

ውኃው ሁልጊዜ ከጣሪያ ወይም ከቧንቧ አይመጣም። ብዙውን ጊዜ የምናመርተው እኛው ነን። ትንፋሽ፣ ላብ፣ የሚፈላ ድስት፣ ሙቅ ሻወርና ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ ሲደመሩ አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ በቀን ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ውኃ ወደ ቤቱ አየር ይለቃል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ውኃ በእንፋሎት መልክ መያዝ ይችላል፤ 10 ዲግሪ ሲደርስ ግን የመያዝ አቅሙ ወደ 9 ግራም ይወርዳል። ሞቃቱ አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ መያዝ ያቃተውን ውኃ እዚያው ይተፋል፤ ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ በላብ እንደሚሸፈነው ማለት ነው። ሻጋታ ከቁም ሳጥን ጀርባ፣ ከአልጋ ራስጌ፣ በውጭው ግድግዳ ማዕዘን ላይ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቦታው ይቀዘቅዛል፣ አየርም አይንቀሳቀስበትም።

በእኛ ዘንድ ለማይለቅ ሳል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ብርድ ነው። «ነፋስ መታው» ይባልና መስኮቱ ይጠረቀማል፣ ስንጥቁ በጨርቅ ይወተፋል። እንፋሎቱም መውጫ አጥቶ ግድግዳው ላይ ይቀራል። በክረምት «ውጭው ዝናብ ሆኖ መስኮት መክፈት ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖራል። ስሌቱ ግን ይፈይዳል ይላል። የአዲስ አበባ የሐምሌ ጠዋት አየር 12 ዲግሪ ሆኖ በ90 በመቶ እርጥበት ቢሞላም፣ ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 55 በመቶ ይወርዳል። ቀዝቃዛ አየር «እርጥብ» ቢመስልም የተሸከመው ውኃ ትንሽ ነውና። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ውጭ ያለው አየር የሞቀና በውኃ የተሞላ ስለሆነ፣ በኤሲ ወደ ቀዘቀዘ ክፍል መስኮት ከፍቶ ማስገባት ግድግዳውን ያረጥበዋል።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበት ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካላት ሕመም፣ ለኢንፌክሽንና ለአስም መባባስ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አስፍሯል። ጉዳቱ በተለያዩ መንገዶች ይመጣል።

በጣም የተለመደው አለርጂ ነው። የሰውነት መከላከያ ስፖሩን እንደ ጠላት ቆጥሮ አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል። ከዚያ በኋላ ስፖሩ በተሳበ ቁጥር አፍንጫ ይደፈናል፣ ዓይን ያሳክካል፣ የአየር ቧንቧ ይጠብባል። ብዙ ሰው «ሳይነስ አለብኝ» እያለ ዓመታት የሚቆየው፣ አስም ያለበትም መድኃኒቱን እየወሰደ የማይሻለው፣ አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ብርቅ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ሃይፐርሴንሲቲቪቲ ኒሞናይተስ በተባለው ሕመም የሚቆጣው የሳንባው ጥልቅ ክፍል ራሱ ነው። ከተጋለጡ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ትኩሳት፣ ደረቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ይመጣል፤ ሳይታወቅ ከቆየ ሳንባው ጠባሳ ይይዛል። በጃፓን ሙቀትና እርጥበት በሚበዛበት በጋ፣ ባረጁ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ትራይኮስፖሮን የተባለ ፈንገስ የሚያመጣው ዓይነት በደንብ ይታወቃል። ታማሚው ሆስፒታል ሲተኛ ይሻለዋል፤ ቤቱ ሲመለስ ያገረሽበታል። የጃፓን ሐኪሞችም ይህንኑ ለምርመራ ተጠቀሙበት፤ በሽተኛውን በክትትል ወደ ቤቱ መልሰው ሕመሙ ይነሳ እንደሆነ ያያሉ። ፈውሱም የበሰበሰውን እንጨት መለወጥ ወይም ቤቱን መልቀቅ ነው።

ሦስተኛው፣ ፈንገሱ ራሱ ሰውነት ውስጥ ሲያድግ ነው። ጤነኛ ሰው የሳበውን ስፖር ሰውነቱ ያጸዳዋል። የመከላከያ አቅሙ በካንሰር ሕክምና ወይም በሌላ ምክንያት የተዳከመ ሰው ግን አስፐርጂለስ በተባለው ሻጋታ ለሕይወት የሚያሰጋ ኢንፌክሽን ሊይዘው ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር አስፐርጂለስ ፉሚጋተስን ከመጀመሪያው ረድፍ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። ቲቢ ሳንባው ላይ ጉድጓድ ትቶበት የዳነ ሰውም እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ፈንገሱ ሊያድግበት ይችላል። ቲቢ በስፋት ባለበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር፣ ቲቢውን ጨርሶ የታከመ ሰው ደም የቀላቀለ ሳል ሲመለስበት ሐኪሙ ይህንንም ቢያስብ መልካም ነው።

ስለ መርዙስ? አንዳንድ ሻጋታዎች ማይኮቶክሲን የተባሉ መርዞችን ያመርታሉ። በሻገተ ለውዝ ወይም በርበሬ ውስጥ የሚገኘው አፍላቶክሲን ጉበት እንደሚጎዳና ካንሰር እንደሚያመጣ ጥርጥር የለውም፤ ይህ ግን የሚበላ መርዝ ነው። ከቤት ግድግዳ ተነስቶ በአየር የሚሳበው መጠን ድካምን፣ የመርሳት ችግርን ወይም የመገጣጠሚያ ሕመምን እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም። ሆኖም በዚህ ክፍተት ገበያ ቆሟል። በሽንት ውስጥ ማይኮቶክሲን እንለካለን የሚሉ ምርመራዎች ለበሽታ መለያነት ያልተረጋገጡ መሆናቸውን የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2015 አስጠንቅቋል፤ ከምግብ የገባ ጥቂት ማይኮቶክሲን በጤነኛ ሰው ሽንትም ይገኛልና። «ሰውነትን ከሻጋታ መርዝ ያጸዳል» ተብሎ ለሚሸጥ ዱቄትና ጠብታ የሚወጣው ገንዘብ ጣሪያ ቢጠገንበት ይሻላል።

ይህ ማለት ግን ታማሚው ያስመስላል ማለት አይደለም። ሌሊቱን ሲያስል ያደረ ሰው ቢደክመውና ነገር ቢጠፋው አይገርምም። የድካሙ ምንጭም የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የእንቅልፍ እጦት ወይም ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉንም በሻጋታው ማሳበብ ሊታከም የሚችለውን ያስመልጣል።

ቤቱን ማከም

ብዙ ሰው ሻጋታ ሲያይ እጁ የሚሄደው ወደ በረኪና ነው። በረኪና ቀለሙን ያነጣዋል፤ እርጥበቱን ግን አያቆምም። የሞተ ሻጋታም ቢሆን አለርጂ ማስነሳቱን አይተውም። ለሴራሚክ፣ ለመስታወትና ለብረት ሳሙናና ውኃ ይበቃል፤ ፈትጎ ማጠብ፣ ከዚያም በደንብ ማድረቅ ነው። ውስጡ ድረስ የሻገተ ኮርኒስ፣ ምንጣፍ ወይም ፍራሽ ግን ታጥቦ አይድንም፤ መጣል አለበት። በረኪና መጠቀም የግድ ከሆነ ከአሞኒያ ወይም ከአሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ክፍሉን ለማድረቅ ከሰል አቀጣጥሎ መዝጋትም ሞት መጥራት ነው።

ሻጋታው ከአንድ ሜትር በአንድ ሜትር ካልበለጠ በራስ አቅም ማጽዳት ይቻላል፤ ኤን95 ማስክ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጎ። አስም ያለበት ሰው ግን ይህን ሥራ ለሌላ ይተወው፤ ሲፋቅ የሚነሳው ብናኝ በአንድ ጊዜ ብዙ ስፖር ወደ ሳንባው ያስገባልና።

ቀሪው የዕለት ተዕለት ልማድ ነው። ድስት ይከደን። ከሻወር በኋላ የመታጠቢያ ቤቱ በር ወደ መኝታ ክፍል ሳይሆን መስኮቱ ወደ ውጭ ይከፈት። አልጋና ቁም ሳጥን ከውጭው ግድግዳ አንድ ጋት ይራቅ። ጠዋት በትይዩ ያሉ ሁለት መስኮቶች ለአጭር ጊዜ ወለል ተደርገው ይከፈቱ። አነስተኛ የእርጥበት መለኪያ መግዛት ከተቻለ ቁጥሩ ከ60 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ30 እስከ 50 ባለው ውስጥ እንዲሆን መጣር ነው። አቅም ለአንድ ክፍል ብቻ ከበቃ መኝታ ክፍሉ ይቅደም፤ ሌሊቱን ሙሉ የምንተነፍሰው እዚያ ነው።

ከሕመሙ ጋር መኖር

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ስለ ሳሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ቤቱም ተናገሩ። ሕመሙ መቼ እንደሚብስ፣ ከቤት ርቃችሁ ስትሰነብቱ ይሻላችሁ እንደሆነ፣ ስትመለሱ ያገረሽ እንደሆነ በማስታወሻ መዝግቡ። የግድግዳውን ፎቶ አሳዩ። አስም ካለባችሁ የታዘዘላችሁን በየቀኑ የሚሳብ መድኃኒት ሲሻላችሁ አታቋርጡ፤ ሥራው ሕመሙ ሳይነሳ የአየር ቧንቧውን ቁጣ ማርገብ ነው። ቤተሰብ «ቅብጠት ነው» ካለ ያንኑ ማስታወሻ ማሳየት ከክርክር ይሻላል።

ተከራይ የሆነ ሰው ሸክሙ ድርብ ነው፤ የሚያመው እሱ፣ ጣሪያው የሌላ ሰው። በእንግሊዟ ሮችዴል ከተማ ከሱዳን የመጡ ወላጆች ልጅ የሆነው የሁለት ዓመቱ አዋብ ኢስሃቅ በታኅሣሥ 2020 ሞተ። የሞት መርማሪዋ ዳኛ በ2022 ለሞቱ ምክንያት የሆነው በቤቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ መጋለጡ እንደሆነ ወሰኑ። አባቱ ለዓመታት ሲያመለክት ከተሰጠው ምላሽ አንዱ «ቀለም ቀባበት» የሚል ነበር። በስሙ የተጠራው ሕግ በ2023 ጸድቆ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ የእንግሊዝ የማኅበራዊ ቤቶች አከራዮች አጣዳፊ አደጋን በ24 ሰዓት፣ ከባድ የእርጥበትና የሻጋታ ችግርን ደግሞ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲመረምሩ ያስገድዳል።

እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገር ያለ ተከራይም ቢሆን ለአከራዩ ሲናገር «ቤቱ ሻግቷል» ከማለት «ውኃው የሚገባው በዚህ በኩል ነው» ብሎ ቢያሳይ ይመረጣል። ሻጋታን አከራይ በተከራይ የንጽሕና ጉድለት ሊያመካኝ ይችላል፤ የተሰነጠቀ ቆርቆሮንና የሚያንጠባጥብ ቧንቧን ግን አይችልም። የሚጠገነው ነገር ሲታወቅ ወጪውም ይታወቃል፤ ጥገናው እምቢ ከተባለም ቤት መቀየር ከዓመታት የመድኃኒት ወጪ ጋር ተነጻጽሮ የሚወሰን ጉዳይ ይሆናል።