ከነዓድን በጉተታ ማጥመድ፤ ምስጢሩ ጥልቀቱ ነው

በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ክፍለ ሀገር፣ ደማም ወይም ኾባር ውስጥ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ በተደረደሩት ሰው ሠራሽ ዓሣዎች ላይ ነው። ብርማ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ አሉ። አንዳንዱ ጣት ያህላል፣ አንዳንዱ ከስንዝር ይበልጣል። ሆዳቸውና ጭራቸው ሥር ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ተንጠልጥሏል፤ አገጫቸው ላይ ደግሞ ወደ ፊት የወጣ ጠፍጣፋ ምላስ አለ። አብዛኛው ገዢ ቀለም ያማርጣል። እኔ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት ምላሱ ነው እላለሁ። ዓሣው ወዳለበት ጥልቀት ያልደረሰ ማባበያ ምንም ያህል ቢያምር ባዶ ውሃ ሲያርስ ይውላል።

ይህን ሰው ሠራሽ ዓሣ ክር ላይ አስሮ፣ ከጀልባ ኋላ ለቅቆ፣ ሞተሩን ቀስ አድርጎ እያስኬዱ መሳብ ትሮሊንግ ይባላል፤ ጉተታ ብንለው በደንብ ይገልጸዋል። ዳር ላይ ቁጭ ብሎ መንጠቆ ጥሎ ከመጠበቅ የሚለየው፣ እዚህ ፈላጊው ሰው መሆኑ ነው። ሁለትና ሦስት ክር ዘርግታ የምትጓዝ ጀልባ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ኪሎ ሜትር ታስሳለች። መንጋው የት እንዳለ በማይታወቅበት ክፍት ባሕር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በምሥራቃዊው ክፍለ ሀገር ባሕር ላይ የጉተታ ዓሣ ከተባለ ከነዓድ ነው። በእንግሊዝኛ ኪንግፊሽ ይሉታል። ቀጠን ብሎ የረዘመ፣ ጀርባው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ብርማ ጎኑ ላይ ጠቆር ያሉ ቀጫጭን መስመሮች የወረዱበት አዳኝ ነው። ከ2 ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ገበያ ላይ የሚታየው ግን ከዚያ በጣም ያንሳል። ቀጢፍ ዓሣ ገበያ በማለዳ የሄደ ሰው ከነዓድ በወፍራሙ ተቆራርጦ ሲሸጥ አይቶ ይሆናል። ይህ ዓሣ የሰርዲን ዓይነት ትንንሽ ዓሣዎችን መንጋ እየተከተለ ስለሚዋኝ ፊቱ የሚሸሽ ነገር ሲያይ አያመነታም። ሃሙር የሚባለው ዓሣ ግን ሌላ ነው። የድንጋይ ሥር ዓሣ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ወደ ታች በተጣለ መንጠቆ ወይም ቀርቁር በሚባለው የሽቦ ወጥመድ ነው። ማባበያው ከድንጋዩ አናት ዝቅ ብሎ ካለፈ ግን ሃሙርም ከተደበቀበት ወጥቶ ይነክሳል።

ዘዴው የጨው ውሃ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ክራፒ የሚባል መዳፍ የሚያህል የሐይቅ ዓሣ አለ። በሚሲሲፒ ግዛት እንደ ሳርዲስና ግሬናዳ ባሉ የግድብ ሐይቆች ላይ፣ ሙቀቱ ሲያይል ክራፒው ዳሩን ትቶ ወደ ክፍት ውሃ ይገባል። አጥማጆቹም ትንንሽ ምላሳም ማባበያ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ገደማ እየጎተቱ ይፈልጉታል። የክራፒ አፍ እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ በኃይል የሳበው ይቀድደዋል፤ ስለዚህ ዘንጋቸው ለስላሳ ነው። የከነዓድ ጥርስ ግን ምላጭ ነው። ናይሎን ክር አንዴ ከነካው አበቃለት፤ በመሆኑም ከማባበያው ፊት ያለው ክንድ የሚያህል ክፍል የብረት ሽቦ መሆን አለበት። በግብጽ ናስር ሐይቅ ላይም የናይል ፐርች በዚሁ ዘዴ ይጠመዳል። ያው ዓሣ እኛ አገር ጫሞና አባያ ውስጥ አለ፤ እዚያ ግን አስጋሪዎቻችን በዋናነት የሚጠቀሙት መረብ ነው።

የዛሬዎቹን ማባበያዎች ያስለመደው ላውሪ ራፓላ የሚባል ፊንላንዳዊ አጥማጅ ነው። ትልልቆቹ ዓሣዎች መንጋው ውስጥ ሲገቡ ከሁሉ አስቀድመው የሚያጠቁት እየተንገዳገደ የሚዋኘውን መሆኑን ልብ ብሎ አየ። እ.ኤ.አ. በ1936 ቡሽ በጫማ ሰፊ ቢላ ቀርጾ፣ በቸኮሌት መጠቅለያ ብርማ ወረቀት ሸፍኖ፣ ላዩን በቀለጠ የፎቶ ኔጋቲቭ ቀብቶ እንደ ቆሰለ ዓሣ የሚንገዳገድ ማባበያ ሠራ። ዛሬ በብዙ አገር፣ የማንም ፋብሪካ ምርት ይሁን፣ እንዲህ ያለውን ማባበያ ራፓላ ብለው የሚጠሩት ብዙ ናቸው።

ወደ ምላሱ እንመለስ። የገጠር ልጅ የሆነ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ምላሱ ማረሻ ነው። በሬዎቹ ወደ ፊት ሲስቡ ማረሻው ወደ መሬት እንደሚገባ ሁሉ፣ ጀልባዋ ስትስብ ውሃው ምላሱን ወደ ታች ይጫነዋል፤ አፍንጫው ይደፋል፣ ጭራው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። አጭርና ወደ ታች ቀጥ ያለ ምላስ ከላይ ከላይ ይሄዳል። ረጅምና ወደ ፊት የተዘረጋ ምላስ በጥልቁ ይጓዛል። አብዛኞቹ ሲቆሙ ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ይህም ድንጋይ አጠገብ ሲደረስ ሞተሩን በማብረድ ብቻ ማባበያውን ለማዳን ይረዳል።

ከምላሱ ቀጥሎ ጥልቀቱን የሚወስነው የተለቀቀው ክር ነው። 15 ሜትር ክር የተለቀቀለት ማባበያ ገና እየወረደ ሳለ ይጎተታል፤ 40 ሜትር ሲለቀቅለት ሙሉ ጥልቀቱ ጋ ለመድረስ ይቀርባል። ይሁን እንጂ ክሩ ራሱ በውሃ ይገፋል። ርዝመቱ ከልክ ሲያልፍ ግፊቱ ከምላሱ ጉልበት ይበልጥና ማባበያው መጥለቁን ያቆማል። ወፍራም ክር ብዙ ውሃ ስለሚገፋው ያንኑ ማባበያ ከፍ አድርጎ ያስኬደዋል፤ ቀጭን ክር ያጠልቀዋል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ጥልቀት በአንድ የተወሰነ ውፍረትና ርዝመት ክር የተለካ ስለሆነ፣ ክር የቀየረ ሰው ጥልቀትም እንደቀየረ ማወቅ አለበት። ለዚህ ነው ምን ያህል ክር እንደለቀቁ መቁጠር ግዴታ የሚሆነው። በየ10 ሜትሩ ቀለሙ የሚለዋወጥ የተጎነጎነ ክር ይሸጣል፤ ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ መቁጠሪያ አላውቅም።

ይህ ሁሉ ቆጠራ በዚህ ባሕር ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የባሕረ ሰላጤው አማካይ ጥልቀት 35 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሳዑዲ በኩል ያለው ዳር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የተከፈተው፣ ኾባርን ከባሕሬን የሚያገናኘው 25 ኪሎ ሜትር የንጉሥ ፋህድ መንገድ ከፊሉ በድልድይ፣ ከፊሉ ባሕሩ ላይ በተሞላ አፈር መሠራቱ ራሱ ይህን ያሳያል። 9 ሜትር የሚጠልቅ ማባበያ 7 ሜትር ውሃ ላይ የጎተተ ሰው ወይ የባሕር ሣር ይሰበስባል፣ ወይ ድንጋይ ላይ ያስቀረዋል። የውሃውን ጥልቀት የሚያሳይ መሣሪያ ያላት ጀልባ ላይ ያለ ሰው ቁጥሩን አይቶ፣ ማባበያው ከወለሉ አንድ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ እንዲያልፍ ማድረግ ይችላል። ዓሣ መሐል ውሃ ላይ ከታየ ደግሞ ከበላዩ ማሳለፍ ይሻላል፤ አዳኝ ዓሣ ወደ ላይ አይቶ መነሳት ይቀለዋል።

ፍጥነትን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጀልባው ሲፈጥን ማባበያው ይጠልቃል ብሎ ያስባል። ፍጥነት ግን የሚለውጠው ውዝዋዜውን ነው፤ ከልክ ካለፈ ማባበያው በጎኑ ተገልብጦ ወደ ላይ ይወጣል። ለከነዓድ ከ5 እስከ 6 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ጥሩ መነሻ ነው። ጂፒኤሱ የሚያሳየው ግን በመሬት ላይ የተለካውን ፍጥነት ነው፤ ማባበያው የሚሰማው የውሃውን ነው። የውሃው ፍሰትና ማዕበል ከፊት ሲገፉና ከኋላ ሲገፉ ያው 5 ኖት አንድ አይደለም።

ታዲያ እውነተኛው ለኪ የዘንጉ ጫፍ ነው። ማባበያው በትክክል ሲሠራ ጫፉ ሳያቋርጥ፣ እኩል በእኩል ይርገበገባል። መርገብገቡ ድንገት ቆሞ ጫፉ ዝም ብሎ ከጎበጠ ሣር ይዟል ማለት ነው፤ ወዲያው ተጠቅልሎ ይጽዳ። ሣር የያዘ ማባበያ ግማሽ ሰዓት ከተጎተተ ያ ግማሽ ሰዓት ጠፍቷል። ከጀልባው አጠገብ ውሃ ውስጥ ሲፈተሽ ወደ አንድ ጎን የሚያፈነግጥ ከሆነ፣ ክር የሚታሰርበትን የአፍንጫ ቀለበት በፒንሳ ወደ ተቃራኒው ጎን ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ማጠፍ ያስተካክለዋል።

ሁለትና ሦስት ክር በአንድ ጊዜ ሲጎተት ርዝመታቸው ይለያይ፤ ለምሳሌ 20፣ 30 እና 45 ሜትር። በጥልቅ የሚሄደው ለጀልባዋ ይቅረብ፣ ከላይ የሚሄደው ይራቅ፤ እንዲያ ሲሆን አይጠላለፉም። ቀጥ ብሎ ብቻ መሄድም ጥሩ አይደለም። ጀልባዋ ቀስ ብላ ስትታጠፍ በውስጠኛው ጎን ያለው ማባበያ ይዘገያል፣ የውጪው ይፈጥናል። የተነከሰው የውጪው ከሆነ ዓሣው ዛሬ ፍጥነት ይፈልጋል፤ የውስጡ ከሆነ ሞተሩን ማብረድ ነው። ይህን ያህል ግልጽ መልስ የሚሰጥ ሌላ ሙከራ በጀልባ ላይ የለም። የተነከሰው ክር ስንት ሜትር እንደነበረ፣ ጀልባዋ በምን ፍጥነት ትሄድ እንደነበር ያላስታወሰ ሰው ሁለተኛውን ዓሣ የሚያገኘው በዕድል ነው።

ከነዓድ ሲያዝ የመጀመሪያ ሩጫው ኃይለኛ ነው። የመዘውሩ ፍሬን ክሩ ከሚችለው ሸክም በሲሶው ገደማ ቢጠብቅ ዓሣው ሲሮጥ ክሩ ሳይበጠስ ይለቅቃል። ጀልባዋን በአንድ ጊዜ ማቆም ክሩን ያላላዋል፣ መንጠቆውም ይወልቃል፤ ማብረድ ብቻ ይበቃል። ከወጣም በኋላ ጣት አፉ ውስጥ አይግባ፤ መንጠቆው በረጅም ፒንሳ ይነቀል። የዚህ ባሕር ውሃ ከውቅያኖስ ይበልጥ ጨዋማ ስለሆነ ዘንጉም፣ መዘውሩም፣ መንጠቆውም ያንኑ ዕለት ማታ በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ።

ወደ ባሕር ከመውጣት በፊት ፈቃድ ከድንበር ጠባቂው ይገኛል፤ ኢቃማም (የመኖሪያ ፈቃድ) በእጅ ይሁን። ወደ ነዳጅ መድረኮች መጠጋት ክልክል ነው። ሸማል የሚባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል በፍጥነት ያስነሳል፤ ትንበያው ሸማል ካለ ያን ዓርብ ቤት መዋል ነው። አብዛኞቻችን ከባሕር ርቀን ያደግን፣ ዋና በቅጡ ያልተማርን ሰዎች ነን። ስለዚህ የሕይወት ጃኬት ከጀልባዋ ወንበር ሥር ሳይሆን ከደረት ላይ ይሁን። በምሥራቃዊው ክፍለ ሀገር የአደጋ ጊዜ ስልክ 911 ነው።

በመጨረሻም፣ በየዓመቱ ከኦገስት 15 እስከ ኦክቶበር 15፣ በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 9 እስከ ጥቅምት 5 ገደማ፣ ዓሣው እንዲተካ ሲባል በባሕረ ሰላጤው ከነዓድ ማስገር ይታገዳል። በእነዚህ ሁለት ወራት ራፓላችሁን አጥባችሁ አስቀምጡት። በቀሩት ወራትም ገና ያልደረሰ ትንሽ ከነዓድ ከያዛችሁ፣ እጃችሁን በውሃ አርጥባችሁ መንጠቆውን ንቀሉለትና ወደ ባሕሩ መልሱት።