ስለ ማዘጋጃ ቤት ፎቶግራፍ መግለጫ፦ የጥቂት ቃላት አመራረጥ

የአንድ ታሪካዊ ሕንፃ ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ ከሥሩ የሚጻፈው አጭር መግለጫ አብሮት ለትውልድ ይተላለፋል። ሕንፃው ኋላ ቢታደስ ወይም ቢፈርስ ስለ ቀድሞ መልኩ የሚመሰክሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤትና በዙሪያው ያለውን የለመለመ ስፍራ ምሳሌ አድርገን፣ የመግለጫ ጸሐፊዎችንና ተርጓሚዎችን የሚያሰናክሉ ጥቂት ቃላትን እንመረምራለን።

መጀመሪያ የሕንፃው ስም ነው። በኢጣሊያዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው ይህ ሕንፃ በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ ለገሃር ይመለከታል። ማዘጋጃ ቤት የሚለው ስም «አዘጋጀ» ከሚለው ግስ የወጣ ስለ ሆነ የሚነግረን በቤቱ ውስጥ የሚከናወነውን ተግባር ነው። ጀርመኖች «ራትሃውስ» ሲሉ የምክር ቤት ማለታቸው ነው፤ ፈረንሳዮችም «ኦቴል ደ ቪል» ሲሉ የእንግዳ ማረፊያን አያስቡም። ሮቤር ዱዋኖ በ1950 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ያነሣው የታወቀ የመሳሳም ፎቶግራፍ ይህንኑ ስም በርእሱ ይዟል፤ ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው ጥንዶቹን ከሆቴል ደጃፍ ያቆማቸዋል። ከእንግሊዝኛ «የከተማ አዳራሽ» ብሎ መገልበጥም እንዲሁ ሕንፃውን በሙሉ በውስጡ ካለ አንድ ክፍል ጋር ያደባልቃል። ተቋሙ ዛሬ የከተማ አስተዳደር ቢባልም ሕንፃው በሕዝብ አፍ ማዘጋጃ ቤት እንደ ተባለ ነውና ይኸው ስም እንዲጠበቅ እንመርጣለን።

ሁለተኛው በዙሪያው ያለው ስፍራ ስም ነው። «የአትክልት ቦታ» የሚለው ሐረግ በጽሑፍ የቆየ ቢሆንም፣ አትክልት ተራ የሚለው የሰፈር ስም እንደሚያስረዳው በከተማ ንግግር አትክልት ማለት በይበልጥ ጎመንና ቲማቲም ሆኗል። «መናፈሻ» ከመናፈስ የመጣ ስለ ሆነ ሰው ገብቶ አየር የሚቀበልበትን ቦታ ያሳያል። «አፀድ» ግን በአጥር ወይም በግንብ የተከለለ፣ ከአንድ ቤት ጋር የተያያዘ የለመለመ ስፍራ ነው፤ አፀደ ሕፃናት በሚለው ስያሜም ሕያው ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ ከሕንፃው ጋር የተያያዘው «አፀድ»፣ ለሕዝብ መዝናኛ የተለየው «መናፈሻ»፣ አበባ የተተከለበት ከፍ ያለ አፈር ደግሞ ገበሬው እንደሚለው «መደብ» ቢባል ሦስቱ አይቀላቀሉም።

ሦስተኛው የአነሣሥ አገላለጽ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ከዳገቱ ግርጌ ቆሞ ካሜራውን ወደ ላይ ቀና ሲያደርግ፣ የሕንፃው ቋሚ መስመሮች ወደ ላይ እየተቀራረቡ ግንቡ ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። ይህን «ያዘመመ ሕንፃ» ብሎ መግለጽ በግንበኛው ላይ ሐሰት መመስከር ነው፤ ያዘመመው ካሜራው ነውና። «ከታች ወደ ላይ የታየ» ቢባል በቂ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ተነሣ» የሚለው ቃል ነው። ማንሣት ከፍ ማድረግ፣ መጥቀስ፣ ከቦታ ማስወገድም ነው። በልማት ምክንያት ከቀዬው የሚለቅ ሰው ዛሬ «ተነሺ» ይባላል። እንግዲህ በአንድ ሥዕል ሥር «በ1960 ዓ.ም. የተነሣ ሕንፃ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው ሕንፃው በዚያ ዓመት ፈርሷል ብሎ ቢረዳ ምን ይፈረድበታል? መፍትሔው ቀላል ነው፤ የግሱ ባለቤት ሁልጊዜ ፎቶግራፉ ይሁን። «ፎቶግራፉ የተነሣው በ1960 ዓ.ም. ነው» ሲባል ሕንፃው በቦታው ይቆያል።

እነዚህን ሐሳቦች የምናቀርበው ለውይይት ነው። በየአካባቢያቸው የተሻለ ቃል የሚያውቁ አንባብያን ቢያካፍሉን በደስታ እንቀበላለን።