የድንች ማኅተም ለእንቁጣጣሽ
የክረምቱ ዝናብ ቤት ያዋለው የስድስት ዓመት የልጅ ልጄ ከስልክ አልላቀቅ አለኝ። «ና፣ የእንቁጣጣሽ ሥዕል እንሥራ» ስለው፣ «አልችልም እማማ፣ እንግዛ» አለ። ከነከነኝ፤ ወንድሞቼ ራሳቸው የሣሉትን ነበር ለጎረቤት የሚያዞሩት።

ድንች ለሁለት ቆርጬ ፊቱ ላይ አደይ አበባ ቀረጽኩለት፤ ቢላው የአዋቂ ሥራ ነው። እርድና ጥቂት ዱቄት በውኃ ስንለውስ ቢጫ፣ ከቀይ ሥር ጭማቂ ቀይ፣ ከቡና አተላ ቡናማ አገኘን። ድንቹን በጨርቅ አድርቆ፣ ቀለም አስነክቶ ወረቀት ላይ መጫን ነው። እርድ ከልብስ ስለማይለቅ አሮጌ ሸሚዝ አልብሷቸው። የልብስ ሳሙና ውኃ ጠብ ሲልበት ቢጫው ወደ ቀይ ሲለወጥ ልጁ በደስታ ጮኸ።

ስልኩን ረሳው። የመጀመሪያዋ አበባ ተንጋዳለች። «ይቺን ለማንም አልሰጥም» ብሎ ግድግዳው ላይ ለጠፋት።